ማር መሪዋ ያደረሰችን ዛፍ

ያን ጊዜ ዳንግላ መምህር ነበርሁ። ወፍ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ መጣና አስተርጓሚ ሆኜ ወደ እንጅባራ ጫካ ተከተልሁት። የሚፈልገው ማር መሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ነበር። መንገድ የሚያሳዩን አያ ካሴ የሚባሉ ማር ቆራጭ ሽማግሌ ናቸው።

ጉም በለበሰው ጫካ ውስጥ ወፏ እየጮኸች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ከፊታችን ትዘል ጀመር። ፈረንጁ መጽሐፉን ገልጦ ከሥዕሉ ጋር አስተያየና፣ «ጉሮሮዋ ጥቁር፣ የጅራቷ ዳር ነጭ፤ እሷ ራሷ ናት!» አለ።

አያ ካሴ ሥዕሉን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «እኔ በድምፅዋ ነው የማውቃት» አሉኝ። «ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች። ሰው ማሩን ሲቆርጥ እሷ ሰሙን ትበላለች።» ፈረንጁ ሁሉንም ጻፈ።

እየቆየ የሽማግሌው እርምጃ ከበደ። የደከማቸው መሰለኝ። አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ስንደርስ ወፏ ዝም አለች። ከላይ ንቦች ጥዝዝ ይላሉ። ፈረንጁ ሰሙን ስትበላ ማየት ፈልጎ፣ «ወጥተው ይቁረጡልን በላቸው» አለኝ። ነገርኋቸው፤ እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ደግሜ ነገርኋቸው፤ አሁንም ንቅንቅ አላሉም። እኔም ፈረንጁን አፍሬ፣ «አያ ካሴ፣ ዕድሜዎን ሙሉ ማር ሲቆርጡ ኖረው ዛሬ ፈሩ እንዴ?» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ግንዱ ሥር ተቀመጡ።

«መምህር፣ አምና ልጄን ከላይ ወድቆ ሞቶ ያነሣሁት ከዚህ ነው። እሱንም መርታ ያመጣችው ይችው ወፍ ናት።»

ፈረንጁ እርሳሱን እንደያዘ፣ «ምን አሉ? ስለ ወፏ ነው?» አለኝ።