የቆረጥሁት መስመር

ጠላት ከአገር በወጣ በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት፣ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ጥያቄ ጠየቀኝ። መልሱን አውቅ ነበር፤ አልነገርሁትም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም፤ ለባለቤቴም ቢሆን።

ሰውየው አደም ይባላል። ኦጋዴን ዘምቶ ሳለ የጣሊያን የመርዝ ጋዝ ዓይኑን አቃጠለው። ሲዘምት ልጁ አሚና ገና በእናቷ ሆድ ነበረች፤ ፊቷን አይቶት አያውቅም። የሻይ ቤቱን ወንበሮች መቀመጫ በሲባጎ እየጠገነ አሳደጋት።

ያን ሳምንት ከጅቡቲ በባቡር ከመጣ የፈረንሳይ ጋዜጣ አንድ ዜና ተርጉሜ በጋዜጣችን አውጥቼ ነበር። ሐኪሞች ከሞተ ሰው ዓይን ላይ ስስ ሽፋን ወስደው ለዓይነ ስውራን ይተክላሉ፤ ብርሃን ያገኙም አሉ ይላል። ዜናው ለዓምዱ ረዘመ። እንደ ልማዳችን ከታች ቆረጥሁት። የቆረጥሁት መስመር፣ በመርዝ ለተቃጠለ ዓይን ሕክምናው እንደማይሠራ የሚናገረው ነበር።

አሚና ጋዜጣውን አነበበችለት። ሰርጓ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

«አቦ ጋዜጠኛው፣» አለኝ አደም፣ ሲባጎውን ከእጁ ሳይለቅ፣ «በመርዝ የጠፋ ዓይንም ይጨምራል?»

አለቃዬና ጓደኞቼ አብረውኝ ተቀምጠው ዜናውን እያደነቁ ነበር። አንዱ አደምን፣ «ብቻ መጀመሪያ የኔን ፊት እንዳታይ፤ መልሰህ ትጨፍናለህ» አለው።

«ያንተስ ድምፅህ ይበቃኛል። እኔ አሚናን ሙሽራ ሆና ማየት ነው የምፈልገው።»

«ጋዜጣው የሚለው፣ ብርሃን ያገኙ አሉ ነው» አልሁት።

ዋሸሁ? ጋዜጣው የሚለው በእርግጥ ያን ነበር። ያን ብቻ እንዲል ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ ቆረጥሁ፤ ስጠየቅም እኔ ሸሸሁ። ምን ፈርቼ? በአለቃዬ ፊት ተሳስቻለሁ ማለትን። «አይጨምርም» ብል ይበቃ ነበር። ዓይኑን ጦርነቱ ወሰደበት፤ ከዚያ ወዲያ የመጣውን በጦርነቱ ማሳበብ አልችልም።

አደም «አይቼ ልዳራት» ብሎ ሰርጉን አስተላለፈ። አሚና እየመራችው በባቡር አዲስ አበባ ሄዱ። ተራ እስኪደርሳቸው ወራት ጠበቁ። ሐኪሙ የነገረው እኔ የቆረጥሁትን መስመር ነው። ሲመለሱ የሙሽራው ቤተሰቦች መዘግየቱን እንደ እምቢታ ቆጥረው ልጃቸውን ከሌላ ጋር አጋብተውታል።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። ትናንት አዲስ ዜና ደረሰኝ፤ የሞተ ሰው ልብ ለሕያው ሰው ተተከለ የሚል። እስከ መጨረሻው መስመር ተረጎምሁት፤ አንድም ቃል አልቆረጥሁም። ይህ ለአደም ምን ይረባዋል? ይቅር በለኝ እንዳልለው፣ መበደሉን እንኳ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት በሻይ ቤቱ በኩል አለፍሁ። አደም ወንበር ይጠግናል። አሚና አጠገቡ ተቀምጣ ሲባጎ ታቀብለዋለች። አላገባችም።