እናቴ የኋላ ወንበር ላይ

አባቴ የሞተው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሳሊተ ምሕረት አጠገብ ያለው ግቢያችን በለቀስተኛ ሲሞላ ሁሉም የሚጠብቀው የእናቴን ዋይታ ነበር። እሷ ግን ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ለእንግዶቹ ውኃ ደረሰ ወይ እያለች ትጠይቃለች። አክስቴ ቆንጠጥ አድርጋ ልታስለቅሳት ስትሞክር በዓይኔ አይቻለሁ። አልሆነም።

ከአርባው በኋላ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ግቢ ውስጥ የቆመችው የአባቴ አሮጌ መኪና ውስጥ መግባት ጀመረች። የምትቀመጠው እንደ ድሮዋ ከኋላ ነው፤ ከፊት ሆና መንገዱ ሲመጣባት ማየት ትፈራለች። አባቴ በሕይወቱ ከሠላሳ በላይ ነድቶ አያውቅም፤ አህያ ሲቀድመው አይተናል። እሷ ግን «ቀስ በል» ሳትለው የትም ደርሳ አታውቅም። አሁን ባትሪዋ በሞተ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ባዶውን የሹፌር ወንበር «ቀስ በል» ስትለው ሰማኋት።

ታላቅ ወንድሜ ደነገጠ። መጀመሪያ ጠበል እንውሰዳት አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው ብሎ ሊሸጣት ቆረጠ። አንድ እሑድ ከላምበረት ወጣት ባለታክሲ ይዞ መጣ። እናቴ ገብታ ነበር፤ ብንለምናትም አልወርድም አለች። ባለታክሲው ግራ ቢገባው ዝም ብሎ ከፊት ገባና መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለችው ከኋላ።

ወንድሜ በእጁ ይቅርታ ይለምናል። ልጁ በመስታወቱ አያት፤ ማርሽ ቀነሰ።

«እሺ እናቴ። ወዴት ላድርስዎ?»

«ወደ ላምበረት። ግን እንደዚያኛው አታዝግም፤ ሳይመሽ እንድንደርስ።»

ይህን ብላ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ መሃል ላይ ተገለበጠና ጩኸት ሆነ። ለሁለት ወር ያጠራቀመችውን ሁሉ አወጣችው። ጎረቤቶቻችን ሌላ ሰው የሞተብን መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። ማንም እንዳልሞተ ስነግራቸው አንዷ ሴትዮ፣ ከመጣሁ አይቀር ብላ መኪናዋን ተደግፋ ከሦስት ዓመት በፊት ለሞተው ወንድሟ አለቀሰች። የእኔ ወንድምም ከፊት ገብቶ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ተደፍቶ ይነፋረቃል። ባለታክሲው ሁሉም እስኪጨርስ እግሩን ከፍሬን ላይ አላነሳም። ሲወርድ፣ ሰው የተሳፈረባትን መኪና አልገዛም ብሎ ሄደ።

ያን ቀን እናቴ ሁለት ሳህን ሽሮ በልታ እስከ ማግሥቱ ረፋድ ተኛች። መኪናዋን ራሷ የሸጠቻት ከዓመት በኋላ ነው፤ የኋላውን ወንበር በሳሙና አጥባ።