የሻለቃ ትንፋሽ

የውሻ ትንፋሽ መለካት ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ይምጣና የእንስሳት ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አንድ ቀን ይቁም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ፣ ሲያንኮራፉ ጎረቤት የሚቀሰቅሱ፣ ትንሽ ራመድ ሲሉ ምላሳቸው ወለል የሚጠርግ ውሾች ሁሉ የሚመጡት ወደ እሷ፣ ወደ ክሊኒኩ ትንፋሽ ለኪ፣ ነው። ማሰሪያቸውን ይዛ ከዚያ ጫፍ እዚህ ጫፍ ታመላልሳቸዋለች፤ ከዚያ ተንበርክካ ማዳመጫውን ጉሮሯቸው ላይ ታደርጋለች። ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው እሷ የሰማችውን ይዞ ነው። ባልደረቦቿ «ትንፋሼ» ይሏታል። ቤት የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ነው ሥራ ሥራ የምትለው እያሉም ያሟታል፤ ውሸታቸውን አይደለም።

አንድ ረፋድ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ፣ ሻለቃ የሚባል ውሻቸውን ይዘው መጡ። ስሙን ያወጡለት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ቦርጩ እንጂ ወኔውስ የሻለቃ አይደለም።

«ምን ሆነብዎት አባባ?»

«ደከመብኝ ልጄ። ድሮ እኔን ጎትቶ ነበር የሚያስኬደኝ። አሁን ትንሽ ሄድ ይልና ዘጭ!»

ደንቡ የውሻው ባለቤት ራቅ ብሎ እንዲቆም ነው። ሻለቃ ግን ከእሷ ጋር ወይ ፍንክች! ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ወረፋ የያዙት ውሾች ክሊኒኩን በጩኸት አናወጡት። «በቃ፣ እርስዎ ይያዙት» አለች ቢቸግራት። ያን ጊዜ ተነሥቶ ሄደ፤ ኮሪደሩን ሳያጋምስ ግን ቁጭ አለ። ደግሞ ተነሣ፣ ደግሞ ቁጭ። ዶክተሩ በበሩ ብቅ ብሎ አየና «ይሄማ ከባድ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ማዳመጫውን ስታደርግለት ግን የውሻው ጉሮሮ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ትንሽ ያንኮራፋል፤ እሱም የአፍንጫው ጥበት ነው። ታዲያ አብሮ የሚሰማት ያ ፉጨት የማን ነው? ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች፤ ፉጨቱ አልቆመም። ቀና ስትል አባባ ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ሻለቃ ደክሞት አይደለም ለካ! እሳቸው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቀድሞ ቁጭ የሚለው እንዲያርፉ ነው።

ወንበር አምጥታ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸውና ሻለቃን ከወዲያኛው ጫፍ ለቀቀችው። አቤት ሩጫ! ደጋግማ አስሮጠችው፤ ጉሮሮው ያው ነው።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትለው። «ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፤ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ይልቅ እርስዎ ሐኪም ዘንድ…»

«የኔንማ አውቃለሁ ልጄ። ሳንባዬ አልቋል፤ ነግረውኛል።»

ይህን ብለው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

«ታሟል ብዬ… እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ይቅደምልኝ ብዬ ነበር። እኔ ከቀደምኩ እኮ በር በሩን ሲያይ ነው የሚኖረው።»

አጠገባቸው ተንበረከከች። «ልጅ የለዎትም አባባ?»

«አለችኝ። ባሏ ውሻ አይወድም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺስ?»

ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! እሷ የምትኖረው በኪራይ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አከራይዋ ደግሞ በደጃፏ ለምታልፍ ድመት እንኳ መጥረጊያ የምታነሣ ሴት ናት። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን አፍ አፏን እያዩ ትንፋሻቸውን ውጠዋል፤ ያችኑ የቀረቻቸውን።

«እወስደዋለሁ አባባ» አለች።

እጇን ይዘው መረቋት። «ዕድሜ ይስጥሽ፣ እንዳሳረፍሽኝ ያሳርፍሽ!» አሉ። ቀጥለውም የሻለቃን አመል አንድ በአንድ ይነግሯት ጀመር፦ መብረቅ እንደሚፈራ፣ ሲተኛ ጀርባውን ሰው ካልነካው እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ሲኮርፍ ጆሮውን እንድታክለት። እሷም ለእያንዳንዱ «እሺ አባባ፣ እሺ» ትላለች፤ የአከራይዋ መጥረጊያ ግን ፊቷ ድቅን አለባትና ዓይናቸውን ማየት አቃታት።