ቀስ ብሎ የሚነጥር ልጅ

እህቴ ዘሊካ ከሮቢት በታች ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሐሙስ ሐሙስ የስፕሪንግ ሚዛኑን ግራር ላይ በገመድ ሰቅላ ሕፃናት ትመዝናለች። ልጅ ቢሸናባት ትስቃለች፣ እናት ብትቆጣት ትስቃለች። እኔ ቆቦ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

በ2008ቱ ድርቅ ልጠይቃት ሄጄ ሥራዋን ሳይ ዋልኩ። የተንጠለጠለ ልጅ አርፎ አይቀመጥም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይነጥራል፣ ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ሲሽከረከር ደግሞ የሚዛኑን ፊት ያዞርባታል።

«ሦስቱም የየራሳቸው ፍጥነት አላቸው» አልኳት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። «ውዝዋዜውን የሚወስነው የገመዱ ርዝመት ነው፤ የልጁ ክብደት አያገባውም። መንጠሩን ግን እዪው። ቀላል ልጅ ቶሎ ቶሎ ይነጥራል፣ ከባዱ ቀስ ይላል።»

ዘሊካ ነገሩን ወደደችው፤ ለእናቶቹም አስተማረች። ከእነሱ አንዷ ኡሙልኸይር፣ የአሥር ወር ልጇ ኑሀ ከስቶባት፣ ለማስመዘን የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ትመጣ ነበር። ዘሊካን አሳዘነቻት።

«ቤትሽ አንጠልጥለሽ እዪው። መንጠሩ ከፈጠነ ያኔ ይዘሽው ነይ» አለቻት።

ኡሙልኸይር ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ቀድዳ ወጋግራው ላይ አሰረች፤ ልጁን በሽርጥ ጠቅልላ አንጠለጠለችና በየሳምንቱ መንጠሩን ቆጠረች። መንጠሩ ቀስ እያለ ሄደ። አልሐምዱሊላህ ብላ አምስት ሳምንት ቀረች። መክሳቱን አላየችም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይታለች። ግን እህቴን አመነች።

በስድስተኛው ሐሙስ ጡት እምቢ ሲላት ይዛው መጣች። ዘሊካ ሚዛኑ ላይ ስትሰቅለው ከመፍጠኑ የተነሳ ተንቀጠቀጠ እንጂ ነጠረ አይባልም። ኡሙልኸይር እንደለመደችው መቁጠር ጀመረችና አልደረስበት አላት።

«ዘሊካዬ፣ ቤት እኮ ቀስ ይል ነበር። ወላሂ ቀስ ይል ነበር» አለቻት።

መኪና ተለምኖ ልጁ ሆስፒታል ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ዘሊካ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ደወለችልኝ። ላስቲኩን አይታዋለች፤ በቆላው ሙቀት ላልቶ፣ ተለጥጦ ቀርቷል። የያዘው ነገር ከላላ የተንጠለጠለው ቢቀልም መንጠሩ ይዘገያል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ፈተና ላይ የማወጣው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ግማሹን ብቻ ነገርኳት፤ ግማሹ ለማስደነቅ በቅቶኝ ነበር።

«ሲላላ ቀስ እንደሚል ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።