ዳገት ላይ የጠበቀው መሪ

መካኒኩ ምሳው የመኪናን ሕመም ከሾፌር አፍ ሰምቶ አያውቅም። ሾፌር ሁሉ ውሸታም ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ብዙም አልተሳሳተም። ሰቆጣ ላይኛው ጫፍ ካለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ደጅ መኪና ሲቆም፣ መሪውን በሁለት ጣቱ ይዞ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው ስንት ጣት በባዶው እንደሚሄድ ይለካል። ሁለት ጣት ከሆነ ዝም ይላል። አራት ከሆነ፣ ይህ የሬሳ ሣጥን እንጂ መኪና አይደለም ይልና ቁልፉን ኪሱ ይከተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም።

ሙያውን የተማረው በደርግ ጦር ውስጥ ነው። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ ይዞ የተመለሰው አንድ ካፖርት፣ አንድ ካቻቢቴና መሪ የሚያውቅ እጅ ብቻ ነበር። መሪ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከዘንጉ ጫፍ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ብረት አለ፤ በጥርሶቹ መካከል አተር አተር የሚያህሉ የብረት ኳሶች ይሽከረከራሉ። ኳሶቹ ሲበሉ መሪው ይላላል። ያኔ ኳሶቹን በሙሉ አውጥቶ በፀጉር ያህል ወፈር ባሉ፣ እርስ በርሳቸውም እኩል በሆኑ አዳዲስ ኳሶች መተካት ነው። በመጨረሻም ይህን ሁሉ ከያዘው ከመሪው ሣጥን አናት ላይ ያለችው ማስተካከያ ብሎን ትጠብቃለች። እሷን ሲያጠብቁ ግን ጎማው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። መሪ ከየትም ይልቅ የሚጠብቀው መሐሉ ላይ ነውና፣ ጎማው እንደ ተጣመመ የጠበቀ መሪ ለጊዜው ደህና ይመስላል፤ ሲቃና ግን ይነክሳል።

ሰቆጣ ላይ ደግሞ ሜዳ የት ተገኝቶ? ሁሉም ዳገት ነው፤ ፍሬኑን አምኖ የሚያቆም ሾፌር ስለሌለ፣ ሁሉም ጎማውን ወደ ዳገቱ አጣሞ ነው የሚያቆመው። ምሳው ግን መሪ በፈታ ቁጥር መኪናውን ከታች ወዳለው ሜዳ አስገፍቶ፣ ጎማውን አቃንቶ ነበር የሚጨርሰው። ሾፌሮቹ ይስቁበታል፤ ዛሬ ሜዳ ያለን ነገ አስፋልት አንጥፉልኝ ይለናል እያሉ ያሙታል።

በዘጠና አምስት፣ ዝናቡ በቀረበት ዓመት፣ የሚስቱ የተናኘ ወንድም ደርቤ አይሱዙውን ይዞ መጣ። ደርቤ ሳቂታ ነው፤ የምሳውን ቁጣ ከልቡ የሚወድ እሱ ብቻ ነበር። መሪው አምስት ጣት ይሄዳል። መሪው በዘይት ስለሚታገዝ ምንም አልከበደኝም ቢለው፣ ምሳው ጮኸበት። ዘይቱ ክንድህን ያግዛል እንጂ በሽታውን አያድንም፣ እንዲያውም ይደብቅብሃል አለው።

ሦስት ቀን ለፋበት። ከደሴ ያስመጣቸውን ኳሶች አንድ በአንድ በሁለት መስታወት መካከል እያንከባለለ መረጠ፤ አንዷ ከሌሎቹ ብትበልጥ ሸክሙን ብቻዋን ተሸክማ ትሰበራለች። ሣጥኑን ሲገጥም ሦስተኛው ቀን ወደ ማምሻው ነበር፤ በማግስቱ የአምደወርቅ ገበያ ነው። ሜዳውን የእርዳታ ስንዴ የሚጠብቅ ሕዝብ ሞልቶታል። ሰዉን ተነሡልኝ ይበል? የተራበ ሰው ለመሪ ብሎ አይነሣም። ምሳው ዙሪያውን አየና፣ ነገ ሜዳ ላይ አስተካክለዋለሁ ብሎ በልቡ፣ ጎማው እንደ ተጣመመ ብሎኗን አጠበቀ።

ደርቤ መሪውን ሞከረው፤ ምንም አይላላም። «ምሳው ለካ ያለ ሜዳም ይችላል!» አለ፣ እዚያ ለቆሙት ሾፌሮች እያሰማ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ምሳው ሥራው ገና እንዳልተጨረሰ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ሲስቁበት የኖሩ ሰዎች ናቸው ያጨበጨቡለት፤ ደስ አለው፣ ዝም አለ። ጠዋት ምሳው ሲደርስ ደርቤ ገበያተኛውን ከጭነቱ አናት ላይ ደርድሮ ጎሕ ሳይቀድ ሄዷል።

ቁልቁለቱ ላይ መሪው ከጥምዝምዙ አልመለስ አለ፤ መኪናው ገደል ገባ። ከደርቤ ጋር ሰባት ሰው ሞተ።

አደጋውን የመረመረው ሰው ፍጥነት ነው ብሎ ጻፈ። ምሳው ገደል ወርዶ የመሪውን ሣጥን ብቻውን ፈታው፤ የመሐሉ ጥርስ ተፍቆ ያብረቀርቃል። አይቶ መልሶ ዘጋው። የሰባት ሰው ደም ነው፤ ሟቾቹ ወንድም አላቸው፣ በዚህ አገር ደግሞ ደም አይተኛም። ፈራ። ከተማው ደርቤን ረገመው። አረቄ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው ሰክሮ ነበር አሉት። ከቤተሰቡ በቀር ለቅሶ የደረሰለት አልነበረም።

በአርባው ማግስት የደርቤ እናት እማሆይ ወለተ ሚካኤል ይቅርታ ሊጠይቁ ተነሡ። እንደ አገሩ ሥርዓት ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ሁለት ልጆች ወደ ሞቱበት ወደ ገብረ አምላክ ቤት ሄዱ። ምሳውን አጅበኝ ብለውት ከጎናቸው ነበር። መንገዱ ዳገት ነው፤ የአሮጊቷ አንገት ይንቀጠቀጣል። ልቀበልዎት ብሎ እጁን ቢዘረጋ ገፉት።

«ተው ልጄ። ሰው የጨረሰው የእኔ ልጅ ነው። አንተማ ሦስት ቀን ሙሉ ለፋህለት።»

ከገብረ አምላክ አጥር ሲደርሱ ምሳው ፊታቸው ተንበረከከ።

«እማሆይ፣ ደርቤ ማንንም አልገደለም። መሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጎማው ተጣሞ አጠበቅሁት፤ እያወቅሁ ዝም አልሁ። ድንጋዩን ለእኔ ይስጡኝ።»

እማሆይ ድንጋዩን አላወረዱም። ዐይን ዐይኑን እያዩ፣ በቤታቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ጠየቁት።

«ልጄን ሲረግሙት አርባ ቀን ሙሉ የት ነበርህ?»

አጠገባቸው ነበር። የለቅሶውን ድንኳን የተከለው እሱ ነው።