አሥራ ሁለት ጠመንጃ፣ አንድ ቻርጀር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ብሎን መፍቻ እንኳን አልያዝኩም ነበር። ጋሽ ሰይድ «ለምክር ነው፣ እንዲያው ብቅ በይ» ብለው ስለደወሉልኝ ሱቄን ዘግቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። ሶፋው ላይ ካርቶን፣ ምንጣፉ ላይ ካርቶን፣ በረንዳው ላይ ካርቶን። ባለቤታቸው ዘሀራ የመሥሪያ ቤት ልብሷን እንደለበሰች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ንግሥት፣ አንቺ ታውቂያለሽና ንገሪኝ» አለችኝ። «ሚኒባሳችን ይኼ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሰይድ ለብዙ ዓመት ከሜክሲኮ እየተነሱ ታክሲ ሠርተዋል፤ የገዛ ሚኒባሳቸውን እየነዱ። ልጆቻቸው ያደጉት በእሷ ነው። አንድ ዘመዳቸው ዱባይ ቢወስዳቸው፣ ልጆች ጨለማ አዳራሽ ውስጥ በመብራት ጠመንጃ ሲታኮሱ፣ ወላጆች ደግሞ ደጅ ተሰልፈው ሲከፍሉ አይተው መጡ። ሌዘር ታግ ይባላል። ጠመንጃው የማይታይ ጨረር ይረጫል፤ ጨረሩ ተጫዋቹ የለበሰው ሰደርያ ላይ ያለውን መቀበያ ሲነካው ይጮሃል፤ ተመታ ማለት ነው። ጋሽ ሰይድ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ሚኒባሷን ሸጡ።

እኔ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የታክሲያቸው ቴፕ ሲበላሽ የምሠራላቸው እኔ ነበርኩ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

ካርቶኖቹን ከፈትኳቸው። አሥራ ሁለት ጠመንጃ፣ አሥራ ሁለት ሰደርያ። ዕቃው ክፉ የሚባል አይደለም። ግን ፕላስቲኩ ስስ ነው፤ ከሰደርያው ትከሻ ወደ ጠመንጃው የሚሄደው ገመድም ከጆሮ ማዳመጫ ሽቦ አይወፍርም። ቻርጀሩ አንድ። እሱም ባንዴ የሚሞላው አራት ብቻ።

«መለዋወጫውስ?» አልኳቸው።

«የምን መለዋወጫ?»

«ባትሪ፣ ገመድ፣ ቃታ፣ የሚሰበር ነገር ሁሉ።»

«አዲስ ዕቃ እኮ ነው! ከነላስቲኩ ነው የመጣው። መለዋወጫ ምን ያደርግለታል?»

«ጋሼ፣ ሚኒባስዎን ያለ ቅያሪ ጎማ አንድ ቀን ነድተዋል?»

«ይኼና ጎማ ምን አገናኘው? ይኼ ኤሌክትሮኒክስ ነው።»

ዘሀራ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ለምክር ጠርተውኝ ቴክኒሻን አድርገው አስቀሩኝ። ሱቁም ቢሆን ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሰው ቴሌቪዥኑን ከማስጠገን አዲስ መግዛት ጀምሯል። እሺ አልኩ።

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራዩ። ቀድሞ የቤት ዕቃ ማሳያ የነበረ፣ በሁለት ወገን መስታወት የሆነ አዳራሽ። እኔ ሳላየው ውል ተፈርሟል። የፀሐይ ብርሃን ሲገባ መቀበያዎቹ ግራ ይጋባሉ፤ ማንም ሳይተኩስ ሰደርያው ዝም ብሎ ይጮሃል ወይም ተተኩሶበት ዝም ይላል።

«መስታወቱ ይሸፈን» አልኩ። «መሀሉ ላይ መደበቂያ ግድግዳ ይሠራ። ሁሉም ጥቁር ይቀባ። ጄኔሬተርም ይገዛ።»

አናጢው መጥቶ ለካና ዋጋውን ተናገረ። ጋሽ ሰይድ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አሉ። ኮምፔንሳቶው፣ ቀለሙ፣ መብራቱ፣ የኪራይ ቅድመ ክፍያው ሲደመር ለጠመንጃዎቹ ካወጡት እምብዛም አያንስም። ብሩን አልጠራም፤ የዛሬ ሰው ቢሰማው ይስቅብኛል። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

«ዕቃውን ገዛሁ፣ ጨረስኩ ብዬ እኮ ነው!» አሉ። «ሻጩ ይኼን አልነገረኝም።»

«ሻጩ ምን ቸገረው ጋሼ? እሱ ግድግዳ አይሸጥ።»

ግድግዳውን ያቆመችው ዘሀራ ናት። የመሥሪያ ቤት እቁቧን፣ ተራዋ ሳይደርስ ዳኛውን ለምና ቀድማ አወጣች። ጄኔሬተሩ ለሌላ ጊዜ ተባለ። «ለሌላ ጊዜ» የሚለውን ቃል እዚያ ቤት ስሰማ ጥርሴን መንከስ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የተከፈተ ሰሞን ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የኮሌጅ ልጆች፣ የኮንዶሚኒየም ሕፃናት ከነእናቶቻቸው፣ ከቢሮ የወጡ ባለ ክራቫቶች። «ጀለሴ፣ ገድዬሃለሁ እኮ! ለምን አትወጣም?» እየተባባሉ ይሯሯጣሉ። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው እንደ ታክሲ ረዳት «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» ይጣራሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ዛሬም አልረሳውም። እኔም በቃ ተሳስቻለሁ አልኩ።

አልተሳሳትኩም። ልጅ ሲሸነፍ ጠመንጃውን ይጥላል። ሲያሸንፍም ይጥላል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሲሮጥ ገመዱ የግድግዳው ጠርዝ ላይ ይያዝና ከትከሻው ይነቀላል። ላቡ ሰደርያው ውስጥ ገብቶ መገናኛዎቹን ያዝጋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ያ አንድ ቻርጀር አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። እኔ ቀኑን ሙሉ በር ሥር ጎንበስ ብዬ እበይዳለሁ። ሰው ሲገባ ሲወጣ እግሩ ስር የተቀመጥኩ ጫማ ጠራጊ ነው የምመስለው።

ውጭ አገር ላለው ሻጭ ጻፍን። መልሱ በማግሥቱ መጣ፤ ለመልስ ፈጣን ነው። ገመድ ለብቻው አይሸጥም፤ ገመድ የፈለገ ሙሉ ሰደርያ ይግዛ። ቃታ ለብቻው አይሸጥም፤ ቃታ የፈለገ ሙሉ ጠመንጃ ይግዛ። እሺ ብለን ሙሉውን እንግዛ ብንል ደግሞ ዶላር የለም። ጋሽ ሰይድ ባንክ ሲመላለሱ ከርመው አንድ ቀን አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

«ምን አሉዎት?»

«ለመጫወቻ ገመድ ዶላር ስጡኝ ስለው፣ ልጁ ‹ጋሼ፣ መድኃኒት የሚያስመጡትም ተራ እየጠበቁ ነው› አለኝ። ምን ልበለው?»

ምን ይበሉት? ልጁ እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ባለን ነገር መሥራት ጀመርን። ጋሽ ሰይድ የሚያውቁት መኪና ነውና ሶማሌ ተራ ሄደው የአሮጌ መኪና የደኅንነት ቀበቶ ሰብስበው መጡ፤ የሰደርያዎቹን ትከሻ በእሱ አጠናከርኩ። ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጡን ላስቲክ፣ ቆርጠን ጠመንጃዎቹን አለበስናቸው፤ ሲወድቁ መሰበር ቀነሰ። መልካቸው ግን ከሌዘር ጠመንጃነት ወደ ብስክሌት እጀታነት ተለወጠ። ይህ ሁሉ ሆኖም አሥራ ሁለቱ አብረው የሠሩበት ቀን አልተመለሰም።

ትልቁ ጣጣ የመጣው አንድ ትምህርት ቤት ልጆቹን ለዓመት መዝጊያ ሊያመጣ ሲስማማ ነው።

«ጋሼ፣ የሚሠራው ሰባት ነው» አልኳቸው።

«እኔ አሥራ ሁለት ብዬ ተቀብያለሁ። የቀሩትን እንደምንም አስረሽ አሲዢልኝ።»

«ታስሮ አይተኩስም እኮ!»

«ንግሥት፣ አደራ። ይኼ ከተሳካ ሌላውም ትምህርት ቤት ይመጣል።»

እንደምንም አሰርኩ። ልጆቹ በአውቶብስ ደረሱ። መብራት ጠዋት ሄዶ ስለነበር ባትሪያቸው የሞላው አራቱ ብቻ ናቸው። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃዎቹ እየተከታተሉ ጸጥ አሉ። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወጣች። የእሷ ጠመንጃ ሞቷል፤ ሰደርያዋ ግን ይሠራል። አራቱ ባለ ጠመንጃዎች ጥግ ይዘው እሷ ላይ ብቻ ይተኩሳሉ።

መምህሯ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። አልጮኸችም። «አቶ ሰይድ» አለች፣ «እነዚህ ልጆች የከፈሉት ለመመታት ብቻ አይደለም።»

ዘሀራ ለምሳ ወጥታ መጥታ ነበርና ሁሉንም አየች። የሁሉንም ልጅ ገንዘብ መለሰች። አውቶብሱ ሲሄድ ወደኔ ዞረች።

«ንግሥት፣ ከማይሠሩት አራቱን አፍርሺ። አምስተኛው በእነሱ ይጠገን፤ ለስምንቱም መለዋወጫ ይሁኑ።»

ጋሽ ሰይድ ዘለው ተነሱ። «ምኑን ነው የምታፈርሰው? ሚኒባሴን ሸጬ የገዛሁትን? እኔ ቆሜ?»

«ሰይዶ፣ እኛ አሥራ ሁለት የለንም» አለች። «ያለን ስምንትና ውሸት ነው።»

ጋሽ ሰይድ በሩን ወርውረው ወጡ። እኔ ብሎን መፍቻዬን አንስቼ የመጀመሪያውን ፈታሁ። መብራት አልተመለሰም፤ መስታወቱ ተሸፍኗል፤ አዳራሹ ጨለማ ነው። ብሎኖቹን በዳበሳ እየለቀምኩ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ላይ ብርሃን በራ። ጋሽ ሰይድ ተመልሰው የስልካቸውን መብራት ይዘውልኛል።

ሦስተኛውን ስከፍት «ይቺኛዋ ድምጿ ጥሩ ነበር» አሉ።

«ድምፅ ማጉያዋን ድምጿ ለጠፋው እገጥምላታለሁ» አልኳቸው።

ማልቀስ አለማልቀሳቸውን ቀና ብዬ አላየሁም። መብራቱ ግን እስክጨርስ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ዙር ስምንት ሰው ብቻ እናስገባ ጀመር። ከስምንት በላይ የሚመጣው ይጠብቃል፤ ጨዋታውን የሚወድ ጠበቀ። ሁለተኛ ቻርጀር በመንገደኛ ሻንጣ መጣልን። ጄኔሬተሩም ዘግይቶ ተገዛ። ጋሽ ሰይድ ጠዋት ጠዋት የሰው ሚኒባስ እየነዱ፣ ከሰዓት በር ላይ እየቆሙ ከረሙ። ቤቱ አልከበረም፣ አልወደቀም። የሕንጻው ባለቤት ፎቁን ለሌላ ተከራይ እስኪፈልጉት ድረስ ዓመታት ሠራን። ያወጡት ገንዘብ ተመልሷል፤ ግን ሚኒባሷ በዚያው ጊዜ ስንት ታስገባ እንደነበር ዘሀራ አትረሳም፣ አታስረሳምም።

እኔ አሁን ብየዳ ትቻለሁ፤ ዓይኔ እምቢ ብሏል። ስልኬ ግን አልተወም። በየጊዜው አንድ ወጣት ይደውላል። «እትዬ ንግሥት፣ ሌዘር ታግ ልከፍት ነበር፣ ጠመንጃው ስንት ነው?» የሁሉም ጥያቄ ይኸው ነው። ስለ ግድግዳ የጠየቀኝ የለም። ስለ ቻርጀር የጠየቀኝ የለም። ስመልስላቸው ደግሞ ተስፋ የማስቆርጣቸው ይመስላቸዋል።

የምመልሰው ይህን ነው። ለዕቃ ብላችሁ ከያዛችሁት ገንዘብ በግማሹ ብቻ ዕቃ ግዙ። ሌላው ግማሽ ለግድግዳ፣ ለመብራትና ለሚሰበረው ነው። ግማሹ የሚገዛላችሁ ስድስት ከሆነ፣ በስድስት ጀምሩ።