የራሴ ሽማግሌ

ሚስቴን ያገባኋት ሽማግሌ ልኬ አይደለም፤ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። የማያምን አጎቴን ይጠይቅ፤ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ነው ያለው፣ ወሬ አይሰስትም።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ የሆነ ነው። እኔ ያኔ ኖርዝ ዮርክ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ ሴኩሪቲ ነበርኩ። እጮኛዬ ደግሞ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ነበረች። እኔም የተማርኩት እዚያው ነው። ደርግ ልኮኝ አምስት ዓመት የመስኖ ምህንድስና አጠናሁ፣ ከዚያ ቶሮንቶ መጥቼ ሊፍት እጠብቅ ጀመር። እሷ ከመጨረሻዎቹ የስኮላርሺፕ ተማሪዎች ጋር ስትመጣ ለኔ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የቀረኝ። የተማሪ ምግብ ቤቱን መንገድ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍቅራችን በደብዳቤና በስልክ ካርድ የተሠራ ነው።

በኛም በነሱም አገር መንግሥት ሲለወጥ ስኮላርሺፑ ተቋረጠና ተማሪዎቹን ከዶርም ውጡ አሏቸው። እሷን ያን ጊዜ የወሰዷት አንዲት ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። "ነይ፣ ትርፍ ክፍል አለኝ" አሏት፤ ኪራይ የሚባል ነገር አላነሱም። ከሳቸው ጋር ስድስት ዓመት ኖረች። "ባባ" ትላቸዋለች። በኛ ባባ አባት ነው፣ በቡልጋርኛ ግን ሴት አያት ማለት ነው። እሳቸው ለሷ ሁለቱንም ሆኑላት።

የእጮኛ ቪዛዋ ሲወጣ ደሴ ላሉት አባቷ ኮል አደረግሁና ሽማግሌ ልልክ ነው አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ ወለድኳት እንጂ በክፉ ቀን ያጎረሷት እሳቸው ናቸው" አሉ። "ሽማግሌህን ወደሳቸው ላክ። እሳቸው ከሰጡህ እኔም ሰጥቻለሁ። እምቢ ካሉ ግን ከዚያ ቤት አትወጣም።"

እሷም በአባቷ ቃል ጸናች። ባባ ካልፈቀዱ አልመጣም አለች። እንግዲህ ትኬት ተቆረጠ፤ ለሦስቱ ሽማግሌዎች ደርሶ መልስ፣ ለሷ ደግሞ መምጫ ብቻ፣ በመመለሻቸው የቅዳሜ በረራ ከነሱ ጎን። ያ አራተኛ ወንበር ባዶውን ይመጣል ወይስ ሰው ይቀመጥበታል? እኔ ሊፍቱ ጋ ቆሜ የማስበው እሱን ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? አንዱ አጎቴ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ አፉ አያርፍም። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው፣ ዌስተን የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ቶሮንቶ ግን ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ከረባት ሳያስሩ ዳቦ እንኳ አይገዙም። ሦስተኛው ቄስ ነበሩ። የካናዳ ዜግነት ገና ስላላገኙ ቪዛ ጠየቁ፤ በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ቪዛው እንደማይደርስ ታወቀ።

ጋሼ ዌስተን ቤታቸው አስጠሩኝ። "ሽማግሌ በሁለት አይሄድም" አሉ። "አስተርጓሚም የለንም። የካናዳ ፓስፖርት አለህ፣ ሦስተኛው አንተ ነህ።"

"ጋሼ፣ ሙሽራ ለራሱ ሽማግሌ ይሆናል እንዴ?"

"ሴትዮዋ መልክህን ያውቃሉ?"

"አይተውኝ አያውቁም።"

"እንግዲያው ሽማግሌ ነህ። ስለራስህ እንዳትናገር ብቻ።"

አጎቴ ወፍራም ካፖርቱንና ባርኔጣውን አምጥቶ አለበሰኝ፣ ፂምህን እንዳትላጭ አለኝ። መስታወት ሳይ የሞተው አያቴ ቆሞ አየሁ። ሳቅ ገደለኝ። አውሮፕላኑ ውስጥም ስስቅ ጋሼ በክርናቸው ይጎሽሙኝ ነበር፤ ሽማግሌ አይገለፍጥም እያሉ።

ሰኞ ሶፊያ ገባን። ትንሣኤ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ከተማዋ አብባለች፣ ከትራሙ ሐዲድ መጨረሻ ላይ የከተማዋ ተራራ አናቱ ላይ በረዶ እንደያዘ ቆሟል። የባባ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በሩን የከፈተችው እሷ ነች። ስድስት ዓመት ያላየኋት እሷ። ባርኔጣዬን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሮጣ ኩሽና ገባች። ልቤ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ደረጃውን አራት ፎቅ ወርዶ ተመልሶ ወጣ።

ባባ አጭር፣ ደልዳላ፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ሴትዮ ናቸው። ተቀመጡ አሉን። ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና፣ "የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም በላቸው" አሉኝ። ተረጎምኩ።

"እንግዲያው ቁሙ" አሉ ባባ፣ ራሳቸው ግን ተመቻችተው ተቀመጡ።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጃችን አንገቱን የደፋ፣ ሥራ ወዳድ፣ ከክፉ ጋር የማይውል፣ ቅዳሴ የማያስታጉል ጨዋ ነው ብሎ ዘረዘረው። እኔ ያንን ሁሉ ስለ ራሴ በቡልጋርኛ ማለት ነበረብኝ። ቅዳሴው ላይ ትንሽ ተንተባተብኩ፤ እሁድ እሁድ ከሺፍት ገብቼ እንደምተኛ አምላክ ያውቃል። መጨረሻ ላይ ግን ሰይጣን አሳሳተኝና "መልከ መልካምም ነው" ብዬ ጨመርኩ። ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ወደቀ።

"ምን ጨመርክ?" አሉ ጋሼ። "አነጋገርህ ረዘመ።"

"ቡልጋርኛ ረጅም ነው ጋሼ።"

ባባ ያንኮራፋል ወይ ብለው ጠየቁ። ወደ አጎቴ ዞሬ አስተላለፍኩ። ይህ አጎቴ የተባለው ሰው ምንም ሳያስብ "እንደ ትራክተር ነዋ" አለ። እኔ "ትንሽ" ብዬ ተረጎምኩ። ባባ ፈገግ ብለው፣ ትራክተር በኛም ትራክተር ነው አሉ።

ከዚያ ብድግ አሉና እጃቸውን አጣምረው ተናገሩ። "ጥያቄያችሁን ሰምቻለሁ። ዘመዶቼን ላማክር። ሐሙስ ተመለሱ።"

አጎቴ ደረጃው ላይ ፈነዳ። "ሐሙስ? ቅዳሜ እኮ በረራ ነው። ሻንጣዋን መቼ ልታዘጋጅ ነው?" ጋሼ ግን በደስታ ፊታቸው በርቷል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉት። "ሥርዓት የሚያውቁ ሴት ናቸው። ልጁን የሚወድ ሰው በመጀመሪያ ቀን አይሰጥም።" ለካ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ያስጠናቻቸው የኔዋ ናት።

እንግዲህ ማክሰኞ ሥራ ፈት ሆንን። ከተማውን አሳየኋቸው። አጎቴ ምሳ በላንበት ሁሉ የሒሳቡን ርካሽነት እያየ፣ ሴትዮዋ ልጅቷን ከሚሰጡን እኛው እዚህ ብንቀር ምን አለበት ይል ነበር። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ ስለዚህ አይብ ያለበትን ትኩስ ቂጣቸውን በየመንገዱ ዋጠው። ጋሼን የሆቴልና የመሥሪያ ቤት ግቢ መሀል ወዳለችው ክብ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳቸው። ከሥሯ የሮማውያን መንገድ ይታያል። ግድግዳዋ ላይ ሥዕል በሥዕል ላይ ተደርቧል፣ ከመልአኩ ሥር ሌላ መልአክ አለ፤ ቱርኮች መስጊድ ሲያደርጓት ደግሞ ሐረግና አበባ ሥለውባታል። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ጠባቂዋ ተደናገረች። ትንሽ እልፍ ስንል መስጊድ፣ ምኩራብ፣ ጣሪያዋ ብቻ ከመንገዱ በላይ የቀረች ሌላ ቤተ ክርስቲያን። መስጊዱ አጠገብ ሰው ከቧንቧ የሚጨስ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ይቀዳል። "ፍል ውሃ" አሉ ጋሼ፣ አማትበው ጠጡ፣ ምላሳቸውን ተቃጠሉ፣ የዌስተን ብርድ ለጎዳው ጉልበታቸው ደግሞ በጠርሙስ ሞሉ።

እኔማ እግሬ መሬት አልነካም። ትራም ላይ ትኬቴን በማሽኑ መብሳት ረስቼ ተቆጣጣሪው ያዘኝና ቀጣኝ። ላገባ ነው ብዬ እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት። ግራ ገብቶት እሱም አመሰገነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ባባ ወደ ተራራው ኑ ብለው ላኩብን። ትራም ያዝን፣ አውቶብስ ያዝን፣ ከዚያ በእግር። ባባ በየሳምንቱ ከልጃቸው፣ ከእጮኛዬ ጋር የሚወጡት መንገድ ነው። ጋሼ በሙሉ ልብስና በከረባት፣ አጎቴ በእርግማን፣ እኔ በካፖርትና በባርኔጣ ላብ በላብ ሆኜ ተከተልን። እጮኛዬ ከኋላ ትመጣለች፤ ሳቋን በሳል ትሸፍናለች። "ሴትዮዋ የነዱት ትራም አይደለም" ይላል አጎቴ እያለከለከ። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዩ ራሱ እንደ ወንዝ ቁልቁል የፈሰሰ የሚመስል ሸለቆ አለ፤ እዚያ ቁጭ አልን። ደመና መጣ፣ ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ባባ ከቴርሞሳቸው ሻይ እየቀዱ እኔን አዩኝ።

"ሽማግሌዎቹን ጠይቅልኝ" አሉ። "ልጅቷ ነጎድጓድ ትፈራለች። ያ ልጅ ይህን ያውቃል? ምን ያደርግላታል?"

"ትደውልልኛለች" አልኩ። "ቤት ከሆንኩ ጋዜጣ አነብላታለሁ፤ ሥራ ላይ ከሆንኩ ግን ጋዜጣ የለኝም፣ ስለዚህ ነጎድጓዱ እስኪያልፍ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መመሪያ አነብላታለሁ። አሁን በቃሏ ይዛዋለች።"

ከተናገርኩ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሳላስተላልፍ፣ ወደማንም ሳልዞር፣ በቀጥታ በቡልጋርኛ መለስኩ። ጋሼና አጎቴ ትርጉም እየጠበቁ አፌን ያያሉ። እሷ ከኋላዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

"ባርኔጣህን አውልቅ፣ ሞቆሃል" አሉኝ ባባ። "ፎቶህ አልጋዋ አጠገብ ነው ያለው። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።"

ለሽማግሌዎቼ ተረጎምኩላቸው። አጎቴ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጋሼ ግን በእፍረት አቀረቀሩ፤ አዋረድካቸው፣ ሥርዓት አፈረስን፣ አሁንማ እምቢ ይሉናል አሉ። እኔም ሳቄ ጠፋ። ባባ ቴርሞሳቸውን ዘግተው ተነሡ። "ሐሙስ ያው ሐሙስ ነው" አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በዝናብ ወረድን፤ እስከ ታች ድረስ ያቺን የአውሮፕላን ባዶ ወንበር አያት ነበር።

ሐሙስ ፂሜን ተላጭቼ ሄድኩ። ሳሎኑ ሶፋ ላይ ሦስት አሮጊቶች ተደርድረዋል፣ ሦስቱም ጡረታ የወጡ የትራም ሠራተኞች። ዘመዶቼ ያሏቸው እነሱን ነበር። እኛ እንደ ሥርዓቱ ቆምን። ባባ ከመሀላቸው ተነሡ፣ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፣ እኔን ሳይሆን ጋሼን አዩ። ልተረጉም ተዘጋጅቼ አፌን ከፍቻለሁ።

"ሰጥቻለሁ" አሉ። በአማርኛ።

የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ቤቱ ውስጥ እልል የምትል ሴት ስለሌለች አጎቴ በዚያ ጎርናና ድምፁ እልል አለ፤ ሙሽራዋም ከኩሽና ለራሷ እልል አለች። ሙሽራው ለራሱ ሽማግሌ ከሆነ እሷ ምን ታፍራለች?

ሮጬ ኩሽና ገባሁ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በቡልጋሪያ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል ነው። አነበብኩት፣ "ሰጥቻለሁ" ይላል። ዘይት ጠብ ጠብ ብሎበታል፣ ጥጉ ተጣጥፏል። መቼ ነው ያጠኑት አልኳት። አባቴ የነገሩህን የነገርኳቸው ዕለት ነው አለችኝ፣ ገና ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ምግብ ሲሠሩ እያዩ ይለማመዱት ነበር፤ እኔም ያን ሁሉ ጊዜ አውቅ ነበር አለችኝ፣ እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነው እንጂ።

ሳሎን ተመለስኩና ባባን ጠየቅኋቸው። ካወቁ፣ ከወሰኑ፣ እስከ ሐሙስ ለምን አንከራተቱን?

"ሰኞ ብሰጥ ኖሮ" አሉ፣ "ማክሰኞ ሻንጣ፣ ረቡዕ ሻንጣ ይሆን ነበር። ተራራውም ይቀርብኝ ነበር። እስክሰጥ ድረስ የኔ ናት። ሦስት ቀን ለራሴ ወሰድኩ።"

ለጋሼ ተረጎምኩ። ምን አሳፈረኝ፣ አለቀስኩ። ጋሼ ገና መቀመጣቸው ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፣ አጎቴን በዓይናቸው አስነሡት። እኔም ቆምኩ።

"በላቸው" አሉኝ፣ "እኛ ጠየቅን፣ እርስዎ ሰጡን። አሁን ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው። ይጠይቁን፤ መልስ ሳንሰጥ አንቀመጥም።"

ባባ ይህን አልጠበቁትም። አሮጊቶቹን አዩ፣ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ አሻሹ። "ግንቦትን" አሉ ቀስ ብለው። "በየዓመቱ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ሳምንት። ለተራራው።"

ተረጎምኩ። ጋሼ ወደኔ አልዞሩም፣ አላማከሩኝም፣ ቀጠሮም አልሰጡም።

"ሰጥተናል" አሉና ተቀመጡ።